የሚታገሥ ችግኝ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩዝ ችግኝ ነው። ሩዝ ውሃ ይወዳል እንላለን። እውነት ነው፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲሆን ደስ ይለዋል። ጭራሽ ሲሰጥም ግን እንደ ሌላው ሰብል ይታፈናል። ብዙው ዝርያ ጎርፍ ሲውጠው አየር ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል፤ ያጠራቀመውን ስኳርም በዚያው ይጨርሳል። ውሃው ሲሸሽ መቆሚያ አቅም አጥቶ ይወድቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ችግኙ ግን ምኑን ይልቀም?

በምሥራቅ ህንድ፣ በኦዲሻ፣ ከገበሬዎች ዘር የተመረጠው ኤፍአር 13ኤ ግን ሌላ ብልሃት አለው። ሲሰጥም እድገቱን ገትቶ፣ ጉልበቱን ቆጥቦ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶም ውሃው ሲጎድል እንደገና ያቆጠቁጣል። ምስጢሩ ያለው 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ሰብ-ዋን-ኤ የተባለው ጂን እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆነ። በሰጠመው ችግኝ ውስጥ የሚጠራቀመው ኤትሊን ጂኑን ያነቃዋል፤ ጂኑ ደግሞ ጂብሬሊን የተባለውን ሆርሞን «እደግ» የሚለውን ትእዛዝ ያፍናል።

ኤፍአር 13ኤ ራሱ ምርቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ አዳቃዮች ጂኑን በዲኤንኤ ምልክት እየተከታተሉ፣ ደጋግመው በማዳቀል፣ ገበሬው ወደሚወደው ስዋርና አሻገሩት። ስዋርና-ሰብ-ዋን እ.ኤ.አ. በ2009 በህንድ ተለቀቀ። ያ ምርተ ትንሽ ዘር ተጥሎ ቢሆን ኖሮ የሚሻገር ነገር ባልነበረ።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ይህ ጂን ለጎርፍ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ውሃው ለወራት በሚተኛበት ቦታ መታገሥ ሞት ነው፤ እዚያ የሚያዋጣው በስኖርክል ጂኖች ከውሃው ጋር እየተመዘዘ የሚያድገው የጥልቅ ውሃ ሩዝ ነው። አንዱ ጂን «ቁም» ይላል፣ ሌላው «ሩጥ»። የቱ እንደሚያድን የሚወስነው ውሃው ነው።

እኛም ፎገራ አለን፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። «ጂኑን እናምጣ» ከማለታችን በፊት ውሃው ስንት ቀን ይቆያል? ምን ያህል ይጠልቃል? ሰብሉን የሚያገኘውስ በስንት ቀኑ ነው? ይህን ማሳው ላይ ወርደን፣ ገበሬውን ጠይቀን እንለካ። መምህራን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ቸግሮት ለሚመጣ ተማሪ ይህንኑ ስጡልኝ።