«ስንት ቶን ነው?» ከማለታችን በፊት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በብድር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ስብሰባ «ከመረዳጃችን ገንዘብ ለፕሬስ መግዣ ይበደራል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ እኛ የኮሚቴው አባላት መልስ አልነበረንም። እንዲያውም አንዷ እናታችን ጋዜጣ የሚታተምበት መስሏቸው «ጸሐፊ ሆናችሁ እንዴ?» ብለውን ነበር። የተጠየቀው በሃይድሮሊክ ኃይል ብረት ከብረት የሚያላቅቀውና የሚያጋጥመው የመካኒክ ፕሬስ ነው። ሦስታችንም ስለ መኪና የምናውቀው ታክሲ ተሳፍሮ መውረድን ስለሆነ፣ ከመወሰናችን በፊት ከተበዳሪዋ እህታችን ጋር ሁለት ቅዳሜ ዞርን።

እህታችንን ታውቋታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ባለቤቷ መኪና የሚጠግንበት ግቢም አብሮ ሄደ። አሁን መሿለኪያ አካባቢ በተከራዩት ግቢ ቆርቆሮ ጥለው ሥራውን ቀጥለዋል። እሱ ይፈታል፣ እሷ ሒሳቡንና መላላኩን ይዛለች። የጎማ ኩሽኔታ ያለቀበት መኪና ሲመጣ ኩሽኔታው የተቀረቀረበትን ብረት በማዳበሪያ ጠቅልላ፣ ፕሬስ ወዳለበት ጋራዥ በታክሲ ትወስዳለች። ረዳቱ «የኔ እናት፣ ይሄ ቅባት ወንበር ያበላሻል» ብሎ ያወረዳት ቀን በእግሯ ሄዳለች።

መጀመሪያ ደብተሯን አየን። በሦስት ወር ውስጥ 27 ጊዜ አስጭናለች፤ ከነታክሲው በአማካይ 350 ብር ወጥቶባታል። ድምሩ 9,450 ብር፣ በወር 3,150 ብር ነው። ባለ 20 ቶኑ ፕሬስ ከነመደገፊያ ብረቶቹ በ42,000 ብር ተገኘ። ስናካፍለው ከ13 ወር ትንሽ ያልፋል። አንዷ የኮሚቴ አባላችን «ታዲያ የእኛ ዓመት 13 ወር አይደል? አንድ ዓመት በሉት» ብላ አሳቀችን። ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር የሚቆጥር ሒሳብ ሠራተኛ ግን እኛ ዘንድ አይቀጠርም።

«መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ እየሆነ አይደል ወይ?» ላላችሁን ደግሞ፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ የተከለከለው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ይጠገናሉ። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን በኩሽኔታ ነው የሚሽከረከረው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። መርካቶ ገብተን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሻጩ «ስንት ቶን ልስጣችሁ?» አለን። እኛም እንደሚያውቅ ሰው «ትልቁን» ልንል ነበር። እህታችን ቆንጥጣ አስቆመችን።

ፕሬስ ማለት በጠንካራ የብረት ፍሬም ውስጥ የቆመ ክሪክ ነው። አሠራሩ ለሒሳብ ሰው አይከብድም። ትንሹ ፒስተን 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በትንሹ ላይ የ50 ኪሎ ክብደት ያህል ስትጫኑ በትልቁ በኩል 2,000 ኪሎ፣ ማለትም 2 ቶን ይወጣል። ነገር ግን ትልቁ 1 ሴንቲ ሜትር እንዲሄድ ትንሹ 40 ሴንቲ ሜትር መመላለስ አለበት። በጉልበት ያተረፋችሁትን በርቀት ትከፍላላችሁ፤ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ እ.ኤ.አ. በ1795 የፈጠራ መብት ካወጣበት ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። በእጅ የሚሠራው መብራት ቢጠፋም አይቆምም፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ 20 ቶን ተብሎ የሚጻፈው የክሪኩን አቅም ነው። ፍሬሙ ያንን መቻሉን ማየት የገዢዋ ፋንታ ነው። መጀመሪያ ያየነው ርካሹ ፕሬስ ቶኑ ያው ሆኖ ጠረጴዛውን የሚሸከሙት ፒኖች የቀጠኑ፣ ብየዳውም የተዝረከረከ ነበር፤ ሲገፉት ይወዛወዛል። እህታችን ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ስፋት ለካች። ከቤት የያዘችውን ብረት የማያስገባ ፕሬስ ስንት ቶን ቢሆን ምን ይሠራል? ለትንንሽ መኪናዎች ከ10 እስከ 12 ቶን ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ እኛ አካባቢ ግን ዝገት የያዘው አሮጌ ስለሚበዛ 20ውን መረጥን። ለከባድ መኪና ካልሆነ ከዚያ በላይ መክፈል ለስም ነው። ክሪኩ ከፍሬሙ ጋር ያልተበየደ፣ ጎሚኒው ሲያልቅ ወጥቶ የሚጠገን መሆኑንም አረጋግጠናል። ዘይት ሲጎድለው የፍሬን ዘይት እንዳይጨመርበት፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ጋራዥ ገብተን ሲሠራ አየን። ባለሙያው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ስንጠይቀው «አልወጣ ያለ ኩሽኔታ ላይ ጨመርኩበት፤ ቀለበቱ እንደ ጥይት ተበተነ» አለን። የኩሽኔታ ብረት በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሳይጎብጥ ነው የሚሰበረው። አልንቀሳቀስም ካለ ግፊቱን አላልቶ፣ የዛገ ብረት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቶ መጠበቅ ይሻላል። መነጽርና መከለያ ግዴታ ነው፤ ሰውም ፊት ለፊት አይቆምም። ሌላም አሳየን፦ ኩሽኔታው ወደ ማቀፊያው ሲገባ የሚገፋው የውጭው ቀለበት ነው፤ አክስል መሳዩ ብረት በመካከሉ ሲገባ ደግሞ የሚደገፈው የውስጡ ነው። ይህ ከተገለበጠ ግፊቱ በኳሶቹ ያልፍና አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይዞር ይበላሻል። እህታችን ባለፈው ዓመት ሁለት ኩሽኔታ «ፋብሪካው ነው» ተብላ የጣለችበት ምክንያት ያኔ ገባት፤ ዝም ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ቤታችሁ ያለችውን አንዲት መኪና ለማደስ ፕሬስ እንግዛ ላላችሁን ሁለት እህቶች ግን አንመክርም። በዓመት አንዴ ለሚሠራ ዕቃ ግቢ ማጣበብ ነው። ብረቱን ወደ እህታችን አምጡ፤ ለአባላት ቅናሽ ታደርጋለች።

ብድሩን ፈቅደናል፤ በ14 ወር ይመለሳል። መነጽሩንና መከለያውን በብድሩ ውስጥ አስገብተናል፤ እነሱን ሳትገዛ ሁለተኛው ክፍያ አይለቀቅም። የቀረው አከራይዋ ናቸው፤ ፕሬሱ እንዳይወድቅ ሲሚንቶው ተበስቶ በብሎን መታሰር ይኖርበታል። እሳቸውም «ወለሌን?» ብለዋል። እሑድ ከሰዓት ሁለታችን ቡና ይዘን እንሄዳለን፤ ከእናንተ የሚያውቋቸው ካሉ ይከተሉን።