የጉድጓድን ውኃ በካርታ ስለ መመርመር

(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። በትምህርቱ የተመሰገነ፥ በሥራውም ትጉህ ነው፤ ነገር ግን በሚሥቅበት ጊዜ ሁሉ እጁን ወደ አፉ ያነሣል። ተወልዶ ያደገው በስምጥ ሸለቆ ሲሆን፥ ጥርሶቹ ቡናማ ቀለም ይዘው ተቦርቡረዋል። ይህም የደረሰበት ጥርሱን ሳይፍቅ ቀርቶ አይደለም፤ በሕፃንነቱ የጠጣው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ከመጠን አልፎ የያዘ ስለ ነበረ ነው። አንድ ቀን ስለዚሁ ነገር ስንጫወት፥ «ጉድጓዱ ተቆፍሮ ውኃው የወጣ ዕለት መንደሩ በሙሉ እልል ብሎ ነበር» አለኝ። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ሕዝቡን ከጥም ለማዳን ደክመዋል። የጎደላቸው ነገር ቢኖር ዕውቀት ብቻ ነበር።

የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ዕውቀት ነው፤ ይኸውም በልዩ ልዩ አገሮች ከተቀዳ የውኃ ናሙና የተገኘውን ውጤት በኢንተርኔት ካርታ ላይ ፈልጎ ስለ ማግኘትና በሚገባ አንብቦ ስለ መረዳት ነው።

አባቶቻችን «ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ፥ ድንጋይ» ብለዋል። ፍሎራይድም ወደ ውኃው የሚገባው ከድንጋይ ነው፤ ነገር ግን አይጮኽም። የስምጥ ሸለቆ ምድር ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዐለትና ዐመድ የተሞላ ስለ ሆነ፥ ከመሬት በታች ለብዙ ዘመን የኖረው ውኃ ፍሎራይዱን ከዐለቱ እያሟሟ ይወስዳል። ይህን ንጥረ ነገር ይዞ ሊያስቀር የሚችለው ካልሲየም ደግሞ በዚያ አገር ውኃ ውስጥ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ውኃ ሲያዩት ጥሩ፥ ሲቀምሱትም ጣፋጭ ነው፤ ሽታም የለውም። ቢያፈሉት ውኃው በእንፋሎት እየቀነሰ ፍሎራይዱ ይከማቻል እንጂ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ያለፈውን ውኃ ዘወትር የሚጠጣ ሕፃን ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ ይጎዳል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም ደግሞ ጉዳቱ ወደ አጥንት አልፎ መገጣጠሚያን ያደርቃል፥ ወገብንም ያጎብጣል።

እንግዲህ ዓይንና ምላስ ሊለዩት ያልቻሉትን ነገር ለመለየት መንገዱ ናሙና ወስዶ ማስመርመር ብቻ ነው። ሆኖም የምርመራው ውጤት በመዝገብ ቤት ተቆልፎ የቀረ እንደ ሆነ ለጎረቤት መንደር እንኳ አይጠቅምም። ውጤቱ በካርታ ላይ ሲሰፍር ግን ተበታትኖ የነበረው ነገር በአንድ እይታ ይሰበሰባል። ይህም ሐሳብ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 በሎንዶን ከተማ፥ ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ አካባቢ ኮሌራ ከ600 በላይ ሰዎችን በፈጀ ጊዜ፥ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ሟቾቹን በየቤታቸው ቆጥሮ አብዛኞቹ ከአንድ የውኃ ፓምፕ የሚቀዱ እንደ ነበሩ አረጋገጠ። የፓምፑም እጀታ እንዲነሣ ተደረገ። በኋላም ሟቾቹን በካርታ ላይ በትንንሽ ጥቁር መስመሮች አሳይቶ አሳተመ፤ መስመሮቹም በፓምፑ ዙሪያ ተከማችተው ለሚያይ ሁሉ ግልጽ ሆኑ።

በዛሬው ዘመን ይህን የመሰለው ካርታ በወረቀት ፈንታ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ይታያል። ለምሳሌ ያህል ኤዋግ የተባለው የስዊዘርላንድ የውኃ ምርምር ተቋም፥ በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ስለሚገኙት ስለ ፍሎራይድና ስለ አርሴኒክ የዓለምን ካርታ አዘጋጅቶ ጋፕ በሚል ስም በኢንተርኔት አቅርቧል። የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የፍሎራይድ ካርታ ከ400,000 በላይ በሆኑ የውኃ ምርመራዎች ላይ የቆመ ሲሆን፥ በዓለም ላይ 180 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለዚህ ጉዳት ሊጋለጡ እንደሚችሉ ገምቷል። አብዛኞቹም የሚኖሩት በእስያና በአፍሪካ ነው።

እንዲህ ያለውን ካርታ የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ የሚመረመረውን ንጥረ ነገር ይምረጥ። ቀጥሎም የሚፈልገውን ሥፍራ በስሙ፥ ወይም በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥሩ ይፈልግ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቀበሌዎች ብዙዎች ስለ ሆኑ ቁጥሩ ከስሙ ይልቅ የታመነ ነው። ነጥቦቹ በታዩ ጊዜ የነጥቡን ቀለም ብቻ አይቶ አይለፍ፤ ነጥቡን ተጭኖ ከበስተኋላው ያለውን መዝገብ ያንብብ። የተለካው ስንት ነው? የተቀዳው መቼ ነው? ከምንጭ ነው ወይስ ከጥልቅ ጉድጓድ? የጉድጓዱስ ጥልቀት ምን ያህል ነው? የመረመረውስ ማን ነው? ብሎ ይጠይቅ። ቁጥሩ 6 ሚሊ ግራም ቢል ከተወሰነው መጠን 4 እጥፍ መሆኑ ነው። መለኪያውንም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ፍሎራይድ በሚሊ ግራም ሲነገር አርሴኒክ ብዙ ጊዜ በማይክሮ ግራም ይነገራል፤ አንዱም ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም ነው። ይህን ያላስተዋለ ጸሐፊ ደኅናውን ውኃ መርዝ፥ መርዙንም ደኅና አድርጎ ለአለቃው ሊያቀርብ ይችላል።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፥ ከሁሉ በላይ በልብ ሊያዝ የሚገባው ነገር የሚከተለው ነው። በካርታው ላይ ያለው ነጥብና በካርታው ላይ የተቀባው ቀለም አንድ አይደሉም። ነጥቡ ሰው በእግሩ ሄዶ፥ ውኃውን በዕቃ ቀድቶ፥ በላቦራቶሪ የለካው ነው። ሰፊው ቀለም ግን ኮምፒውተር የአገሩን ዐለት፥ አፈርና የአየር ጠባይ ከተለኩት ነጥቦች ጋር አመዛዝኖ፥ «በዚህ አካባቢ ፍሎራይድ ከወሰኑ የማለፍ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሰጠው ግምት ነው። ግምቱ የት ማስመርመር እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል፤ ስለ አንዱ ጉድጓድ ግን ፍርድ አይሰጥም። ነጥብ የሌለበት ባዶ ሥፍራም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ማንም አልመረመረውም ማለት ሊሆን ይችላል።

የዚህን ነገር ከባድነት የባንግላዴሽ ሕዝብ በሕይወቱ ተምሮታል። በዚያ አገር ሕዝቡን ከኩሬና ከወንዝ ውኃ በሽታ ለማዳን ሲባል በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ነገር ግን አርሴኒክ ስለ መኖሩ ለብዙ ዓመታት የመረመረ አልነበረም። ኋላ በ1998 እና በ1999 እ.ኤ.አ. የአገሩ የሕዝብ ጤና ምሕንድስና መሥሪያ ቤትና የብሪታንያ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት በመላ አገሩ ከ3,534 ጉድጓዶች ናሙና ወስደው በመረመሩ ጊዜ፥ ጥልቀታቸው ከ150 ሜትር ካነሰው ጉድጓዶች መካከል ከመቶው 27 የሚሆኑት አገሩ ከወሰነው ከ50 ማይክሮ ግራም በላይ ሆነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ደግሞ 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ካርታው ከተሠራ በኋላም ሥራው አላበቃም፤ የአንዱ ጎረቤት ጉድጓድ መርዝ ሲሆን የሌላው ንጹሕ ሆኖ ይገኝ ስለ ነበረ፥ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች በየግላቸው ተመርምረው፥ አደገኛው በቀይ፥ ደኅናው በአረንጓዴ ቀለም እንዲቀባ ተደረገ። ማንበብ የማይችለውም ሰው ከየትኛው እንደሚቀዳ ዐወቀ።

ስለዚህ ምናልባት በጠረጴዛችን ላይ የአንድ መንደር፥ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ጤና ጣቢያ ጉድጓድ ወረቀት ለፊርማ ቀርቦ እንደ ሆነ፥ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ካርታውን እንክፈት። በአካባቢው የተመዘገበውን ቁጥር አይተን፥ ከፍ ያለ ከሆነ ቦታው ወይም ጥልቀቱ እንዲለወጥ እንጠይቅ። ውኃው ከወጣም በኋላ በንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ናሙና ተወስዶ፥ ቀኑ፥ ሥፍራውና ጥልቀቱ ተጽፎበት ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክ እናድርግ። ውጤቱ ክፉ ቢሆን ሌላ ምንጭ መፈለግ ይቻላል፤ ይህ ባይቻል ደግሞ ፍሎራይዱን በተቃጠለ አጥንት ከሰል፥ ወይም በአልሙና በኖራ የመቀነስ ዘዴ አለ። የተገኘውንም ውጤት በመሳቢያ ውስጥ አንቆልፍበት፤ እኛ የሌሎች ሰዎች ነጥብ እንደ ጠቀመን ሁሉ፥ የእኛም ነጥብ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅመዋልና።

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። አንድ ካርታ ለማየት የሚጠፋው ጊዜ ቡና ጠጥቶ ከመመለስ አይበልጥም። ያን ጊዜ ሳንሰጥ የቀረን እንደ ሆነ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ፈራሚው ሳይሆን ገና ጥርስ ያላበቀለው ሕፃን ነው። የባልደረባዬ መንደር በእልልታ የተቀበለውን ውኃ ልጆቹ ዛሬ እጃቸውን በአፋቸው ላይ እየጫኑ ያስታውሱታል። ወደ ፊት የሚቆፈረው ጉድጓድ ግን እልልታው ሳይጎድልበት፥ ሣቁም ሳይሸፈን እንዲኖር ማድረግ በእጃችን ነው።