ከዳኛ ፊት ውጪ ያለ ጠብ

እ.ኤ.አ. በ1910 ቡዳፔስት ተወልዶ በብራቲስላቫ ያደገው ኢሚ ሊክተንፌልድ በቦክስና በትግል የታወቀ ስፖርተኛ ቢሆንም፣ በ1930ዎቹ የአይሁድ ሰፈሮችን ከሚያጠቁ የፋሺስት ቡድኖች ጋር ሲጋጠም ዳኛና ደንብ ያለው ውድድር ለጎዳና ጠብ ብዙም እንደማያዘጋጅ ተረዳ። ከዚህ ተነሥቶ ያዳበረውና በኋላ ለእስራኤል ጦር ያስተማረው ክራቭ ማጋ፣ ማለትም የጨበጣ ውጊያ፣ በስልት ብዛት ሳይሆን በድንጋጤ ውስጥም በማይከዱ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ላይ ያተኩራል። ሰው በድንገት ሲጠቃ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደሙ ስለሚሰራጭ ልቡ በኃይል ይመታል፣ እይታው ይጠባል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በእርጋታ የተጠና ረቂቅ የእጅ አያያዝም በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ አሠልጣኙ ሠልጣኙን በሩጫና በፑሽ አፕ ካደከመው በኋላ ዓይኑን አስጨፍኖ ያቆመዋል፤ ወዲያው አንዱ ከኋላ አንገቱን ሲያንቀው ሌላው ይጮኽበታል፤ እርሱም አገጩን ወደ ደረቱ ቀብሮ፣ ያነቀውን እጅ መንጭቆ ከተላቀቀ በኋላ መውጫውን አይቶ መሮጥ ይጠበቅበታል። መሸሽ እዚህ የትምህርቱ አካል ነው፤ በአጭር ጊዜ ጀግና እናደርጋለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ይህን መዝለላቸው ያስተዛዝባል። ስለት ይዞ ቦርሳ ለሚጠይቅ ዘራፊም ቦርሳውን ሰጥቶ መራቅ ይመረጣል።