ጥቁር የኋላ መብራትና የጉና ጉም

የዛሬው ጉዳያችን የመኪና የኋላ መብራት ነው። «መኪናዬን ላሳምራት» ብሎ ቀዩን ፕላስቲክ በጥቁር ፊልም የሚሸፍን፣ አለዚያም ደጁ ላይ አቁሞ ጥቁር ስፕሬይ የሚነፋበት ሰው አለ። ቀን ቆማ ሲያዩዋት ታምራለች፣ እሱን አልክድም። ችግሩ የኋላ መብራት ለባለመኪናው የተሠራ አለመሆኑ ነው። ሹፌሩ አያየውም፤ የሚያየው ከኋላው የሚመጣው ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አላማከረውም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ፣ ማታ የሚበራው ቀይ መብራት ቢያንስ 4 ካንዴላ፣ የፍሬን መብራቱ ደግሞ ቢያንስ 60 ካንዴላ እንዲሆን ያዛል። አንድ ካንዴላ በግምት የአንድ ሻማ ብርሃን ነው። ከብርሃኑ 35 በመቶውን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልም ለጠፋችሁ እንበል። በዝቅተኛው ልክ የተሠራ መብራት ከሆነ 4 የነበረው ወደ 1.4፣ 60 የነበረው ወደ 21 ይወርዳል። በስፕሬይ ሲሆን ይህን ያህል እንኳ ማስላት አይቻልም፤ አንዱ ጥግ ሁለቴ፣ ሌላው ጥግ አራቴ ይነፋና ግራና ቀኙ ሳይመሳሰል ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው። የኋላ መብራቱን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በአንድ በኩል እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ጥቃቅን ቅርጾች ያሉበት ክፍል ታገኛላችሁ፤ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ለብቻው ዝቅ ብሎ ይገጠማል። አንጸባራቂ ይባላል። አምፖል የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ ባትሪም አይፈልግም። ከኋላ የሚመጣው መኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሳል፣ ሥራው ይኸው ነው። በላዩ ፊልም ሲለጠፍ ግን ብርሃኑ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ ሌላ ጊዜ ይቀነሳል። የ35 በመቶ 35 በመቶው 12 በመቶ ገደማ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ ጥርት ባለ ሌሊት የኋላ መብራት ከ300 ሜትር፣ አንጸባራቂ ደግሞ ረጅም መብራት ሲበራበት ከ150 ሜትር እንዲታይ ይጠይቃል። 12 በመቶ ይዞ እዚያ መድረስ ዘበት ነው።

አሁን አንድ አይሱዙ ድንች ጭኖ ከጋይንት ሲመጣ በሌሊት ቆመ እንበል። ዲናሞው አልሞላ ብሎ ባትሪው ሞቷል። ረዳቱ ወርዶ እንደ ልማዳችን ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። ድንጋይ አያበራም። በዚያች ሰዓት መኪናው ያለው መከላከያ ያ አንጸባራቂ ብቻ ነው።

ቦታውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ አልፎ ወደ ነፋስ መውጫና ወልድያ የሚሄደው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት መንገድ በጉና ተራራ ሥር ያልፋል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ መንገዱ ላይ ሲተኛ እኩለ ቀንም ቢሆን የፊት መኪና ይሰወራል። «ቀይ መብራት ጉም ይሰነጥቃል» የሚሉ ሹፌሮች አሉ። አይደለም። የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚተልቅ ቀዩንም ነጩንም እኩል ይበትነዋል። ጉሙን የሚያልፈው ጉልበት ነው፤ ለዚህም ነው ለኋላ የጉም መብራት፣ ከአውሮፓ የሚመጡ መኪኖች ላይ የምታዩት ማለቴ ነው፣ ቢያንስ 150 ካንዴላ የተወሰነለት። እኛ ካለን ላይ ደግሞ እንቀንሳለን! በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ ሹፌር አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው በዚያች ቅጽበት 25 ሜትር ሄዷል።

ሌላም አለ። ደብረ ታቦር ከ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወረታ ከ1,800 ብዙም አትርቅም። ጥሩ ሹፌር ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወርደዋል፣ ፍሬኑ እንዳይግል። በማርሽ ሲቀንስ ግን የፍሬን መብራት አይበራም። ከኋላው ያለው ሰው መቅረቡን የሚያውቀው ማታ በሚበራው ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ እሷንም አጥቁራችሁባታል።

«አምፖሉን ከፍ ባደርገውስ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። በባለ 12 ቮልት መኪና የተለመደው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ 5 ዋቱ የማታው፣ 21 ዋቱ የፍሬኑ። ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ማቀፊያውንም ያቀልጠዋል። የአምፖሉ ሁለት ጆሮዎች ሆን ተብሎ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ተደርገዋል፤ በግድ ገልብጦ የሚያስገባ ሰው ማታውን ሙሉ ፍሬን የያዘ መስሎ ይሄዳል፣ ሲይዝ ደግሞ አይታወቅበትም። በኤል ኢ ዲ ለመለወጥ ያሰባችሁ ከቀይ ፕላስቲክ በስተኋላ ቀይ ኤል ኢ ዲ አድርጉ። ነጩ ውስጥ ቀይ ብርሃን ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ለጥፋችሁ ከሆነ ማንሳቱ ቀላል ነው። ፊልሙን በሞቀ፣ ባልፈላ ውሃ አለስልሳችሁ ከጥግ ጀምራችሁ በጣት ላጡት፤ ሙጫውን ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይጨርሰዋል። ስፕሬይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቲነርም ቤንዚንም አታስነኩት፤ የኋላ መብራት ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ በሚባል ፕላስቲክ ስለሚሠራ ቲነር ሲነካው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለውም። በውሃ እየነከራችሁ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ ወደ 1,500 እለፉ፣ በ2,000 ጨርሱ፣ ከዚያ በፖሊሽ ወልውሉት። ቀዩ ቀለም ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀለጠ ስለሆነ አይለቅም። ለቦሎ ምርመራ ዋዜማ ልጦ በማግስቱ የሚለጥፈውን ሰው በተመለከተ፣ ምን ልበለው? ጉና ቦሎ አይጠይቅም።

መፈተሻውም ቤታችሁ አለ። በጨለማ ከመኪናው 30 እርምጃ ራቁ፤ የስልካችሁን ባትሪ ከዓይናችሁ አጠገብ አስጠግታችሁ አብሩ። አጠገብ ያልኩት አንጸባራቂው ብርሃኑን ወደ ምንጩ ስለሚመልሰው ነው፤ ስልኩን ወገባችሁ ላይ ብትይዙት ጤነኛውም የደከመ ይመስላችኋል። ደምቆ ካላያችሁት አንድ ነገር ሸፍኖታል ማለት ነው። ምናልባት ፊልም ሳይሆን የጋሳይ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ያለ ክፍያ ያጠቁራል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይሄዳል። አይሱዙ ላይ ደግሞ የተንጠለጠለ ሸራና የጭድ ጭነት እዩ። ቀጥሎ ሰው ፍሬን እንዲረግጥላችሁ አድርጉና በጠራራ ፀሐይ ደግማችሁ ተመልከቱት፤ ጠዋት ወደ ወረታ ስትወርዱ ፀሐይዋ ከኋላ ስለምትመታው የፍሬን መብራት በጣም የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው።

ፕላስቲኩ ተሰብሮ ነጭ ብርሃን የሚያወጣ ከሆነ እስኪቀየር ድረስ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀይ ቴፕ ሸፍኑት፤ ማታ ከኋላ ነጭ የሚያይ ሹፌር መኪናው ወደ እሱ የሚመጣ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍሬቻ ለምን እንደሚፈጥንና እንደሚዘገይ እናያለን።