ኒካሓችን በወረቀትም ይታወቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን የጤና መድን ነው። «ይህ የመሥሪያ ቤት እንጂ የመስጂድ ጉዳይ ነውን?» የምትሉ ካላችሁ አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ።

እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ወንድም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቅጽ ይዞ መጣ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ኒካሓቸው ከሦስት ዓመት በፊት ወሊይ፣ ምስክሮችና መህር ተሟልቶ ታስሯል። ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ግን «የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጣ» አለው። የለውም። ያን ዕለት ስለ መንግሥት የጋብቻ ፈቃድ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሳሁም። አላህ ይማረኝ። የቢሮዋ ሠራተኛ ታዲያ «ዶመስቲክ ፓርትነር» በሚለው መስመር ፈርም አለችው። ይህ ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ ጥንዶች የተዘጋጀ ነው። «ሼኽ፣ የልጄን እናት እንዲህ ብዬ ልፈርምባት?» አለኝ።

ስሕተቱ ከየት መጣ? በአገራችን በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ሕጋዊ አድርጎ ይቀበላል። እኛም ልማዳችንን ይዘን መጣን። እዚህ ቨርጂኒያ ግን ከፍርድ ቤት ፈቃድ ሳይወጣ የሚታሰር ኒካሕ በመንግሥት ዘንድ ጋብቻ ሆኖ አይቆጠርም። በአገር ቤት በሕጉ መሠረት የተጋባችሁ ማስረጃችሁን አስተርጉማችሁ ያዙ፤ በጠቅላላው እዚህም ተቀባይነት አለው።

አሁን ወደ መድን ድርጅቶች እንምጣ። አንዳንዱ የአክሲዮን ኩባንያ ነው፤ ትርፉ ለባለ አክሲዮኖች ይሄዳል። ሌላው ባለቤቶቹ መድን ገቢዎቹ ራሳቸው የሆኑበት የጋራ ድርጅት ነው። ብዙ ትላልቅ አሠሪዎች ደግሞ የሠራተኛውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና ይከፍላሉ፤ በካርዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ድርጅት ሒሳቡን ብቻ ያስተዳድራል። በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኤሪሳ» በተባለው የፌዴራል ሕግ ምክንያት እነዚህን አሠሪዎች የክፍለ ግዛት የመድን ሕግ አያስገድዳቸውም። ስለዚህ «ማን ይሸፈናል?» የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ በፊት ለአሠሪያችሁ አቅርቡ።

«ያው ሽፋኑን ካገኘች ምን ቸገረን?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ አሠሪው ለሕጋዊ ሚስት የሚከፍለው መዋጮ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው። ለ«ፓርትነር» የሚከፍለው ግን፣ እርሷ በግብር ሕግ የባልየው ጥገኛ ሆና ካልተቆጠረች በቀር፣ በደመወዙ ላይ ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። ሁለተኛ፣ ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው አሠሪዎች ዘንድ ባል ቢሞት ሕጋዊ ሚስት «ኮብራ» በተባለው ሕግ ሙሉውን ክፍያ ራሷ እየከፈለች ሽፋኑን እስከ 36 ወር ማቆየት ትችላለች። «ፓርትነር» ይህ መብት በሕጉ የላትም። ሦስተኛ፣ ሁሉም አሠሪ «ፓርትነር»ን አይሸፍንም። ልጆች ግን የወላጆቻቸው ወረቀት ባይኖርም ልጅነታቸው ከተረጋገጠ መብታቸው ነው፤ አትተዋቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ አዞናል። ለጥቂት ብር ብድር ወረቀት ከተጻፈ፣ የሴት ልጅ ክብርና የልጆች ሐቅ ያለበት ኪዳን እንዴት ሳይጻፍ ይቀራል? ብዙ የዘመናችን ዑለማእ ሕክምናን ባል ከሚችለው ነፈቃ ይቆጥሩታል። ነፈቃ ደግሞ በቸልተኝነት አይጣልም።

በመድኑ በራሱ ላይስ? በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በዲሴምበር 1985 እ.ኤ.አ. የንግድ መድንን ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። አሠሪ ስለሚሰጠው የጤና ሽፋን ግን ዑለማእ በሰፊው ስለተነጋገሩበት ጉዳያችሁን ለምታምኑት ዓሊም አቅርቡ።

ያ ወንድም መስመሩን ሳይፈርም ተመለሰ። ከሚስቱ ጋር ፍርድ ቤት ሄደው ፈቃድ አወጡ። ፈቃዱ በቨርጂኒያ የሚያገለግለው ለ60 ቀን ነውና ሳይዘገዩ በፍርድ ቤት የተፈቀደለት ኢማም አጋባቸው። የአላህ ፊት ኒካሓቸው ከሦስት ዓመት ጀምሮ የጸና ነው፤ ቅጹ ላይ ግን የጻፉት የሕጉን ቀን ነው፤ ሙስሊም ቀን አይዋሽም። ከጋብቻ በኋላ በአሠሪው መድን ለመመዝገብ ሕጉ ቢያንስ 30 ቀን ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ ስሟ «ሚስት» ተብሎ ገባ። አልሐምዱሊላህ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ፈቃዱን ሳላይ ለኒካሕ አልቀመጥም። እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ወረቀታችሁን ፈልጉ። ከሌለ ነገ ጀምሩ፤ በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም።

አላህ ቤታችንን በሰላም፣ ልጆቻችንን በጤና ያኑርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።