ሰዓት ጠባቂዎቹ

የዛሬ ተመራቂዎቻችን፣ የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ወደዚህ ወደ ሐይቅና አምባሰል ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበራችሁ። ያኔ እርስ በርስ «አብሽር፣ አብሽሪ» እየተባባልን ነው ያደርነው። ዛሬ ግን የእልልታ ቀን ነው።

እኔ የውጫሌ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነብ ክበብ ውስጥ ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ። ሰብሳቢነቱን ወደድኩት፤ ማኅተም መያዙን፣ ስብሰባ መምራቱን፣ በየቢሮው ስሜ መጠራቱን። አንድ ማታ ስብሰባው ሲረዝምብኝ፣ ላነብለት ቀጠሮ ከያዝኩለት የሕግ ተማሪ ዘንድ አንድ ሰዓት ተኩል አርፍጄ ደረስኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የብሬይል መጻፊያው ጉልበቱ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ገብቶበታል፣ መውጊያዋን በጣቶቹ ይዟታል። በማግስቱ ጠዋት ፈተና አለው። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

«የእኔ ሰዓት እኮ አንተ እጅ ላይ ነው፤ አንተ ካልመጣህ መጽሐፉ አይገለጥም» አለኝ።

ድምፄ እስኪዘጋ አነበብኩለት። በየአንቀጹ ማብቂያ አስቁሞኝ ወረቀቱን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስብሰባ መምራት የተማርኩት ከማኅተሙ ሳይሆን ከዚያ ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ «እንነጋገርበታለን» የሚል ቃል ከአፌ ከመውጣቱ በፊት፣ ውጭ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ያልገባኝ አንድ የዚህ አገር ማዕረግም ያን ሰሞን ገባኝ። እዚህ አጠገባችን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤት ያቆሙበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የገዳሙ አለቃ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ ነበር፤ የሚጠራውም «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ነው፤ ሰዓት ጠባቂ። ስለ ማዕረጉ ሊቃውንቱ ሰፊ ትንታኔ አላቸው። እኔ ቃሉን እንዳለ እወስደዋለሁ፤ ከፍ ያለው ሰው የሌላውን ሰዓት እንዲጠብቅ አደራ ተሰጥቶታል።

ማገልገልን ዩኒቨርሲቲ አላመጣልንም። የቆሎ ተማሪው ለየኔታው ውኃ እየቀዳ፣ ደረሳው ለሼሁ እንጨት እየለቀመ ነው የተማረው። በ1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ፤ አብዛኞቹ በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆኑ። ልብስና መጽሐፋቸውን ይዘው የወጡት እነዚያ ወጣቶች የገበሬውን ልጅ ብቻ አላስተማሩም፤ ገበሬው እንዴት እንደሚኖር እነሱም አዩ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ መንግሥት ነገሩን በሸፈነበት ሰዓት ዝም አንልም ካሉት መካከል የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። እህሉ ዘግይቶ ደረሰ። ለብዙ ቤት ጭራሹን አልደረሰም። እዚህ የተቀመጣችሁ አዛውንቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ለዚህ አገር ሰው ማርፈድ ምን ማለት እንደሆነ እናንተን ማስረዳት አይገባኝም።

ልጆቼ፣ ከመካከላችሁ የተማሪዎች ኅብረት ተመራጭ የነበረ አለ፣ በዶርም ተጠሪነት ስለ ውኃ መቋረጥ ሲሟገት የከረመ አለ፣ በክረምት በጎ ፈቃድ ሕፃናትን ያስጠናች አለች። በሥራ ማመልከቻችሁ ላይ ይህን ጻፉት፤ ሥራ ነውና አትፈሩ። ግን ስትጽፉት አንድ ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ አቁሙ፤ በእናንተ ምክንያት ሳይጠብቅ የቀረውን፣ ወይም የጠበቀውን።

ንግግሬን ላሳጥር። ይህ ድንኳንና ወንበሮቹ የእድር ናቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንመልሳለን ብለን ነው የተዋስናቸው፤ ነገ ጠዋት ለሌላ ቤት ይፈለጋሉ። ፎቶግራፋችሁን ተነሱ፣ እናቶቻችሁን ሳሙ፣ ጋዋናችሁን አውልቃችሁ ኑ። እኔ ከኋለኛው ረድፍ እጀምራለሁ።