ቀባሪ የሌለውን ሰው ማን ይቅበረው? (በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከሚታዩት ጉዳዮች አንዱ፣ የእድራችን አባል ያልሆነና ዘመድም የሌለው ሰው በሰፈራችን ሲሞት እድሩ ይቅበረው ወይስ አይቅበረው የሚለው ነው። በዚህ ነገር ሁለት ወገን ሆነን ስንከራከር ከርመናል። አንዱ ወገን ደንብ ይዟል፤ ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ የእድሩን ድንኳን አያገኝም ይላል። ሁለተኛው ወገን መጽሐፍ ይጠቅሳል። የፊተኞቹም ቢሆኑ መጽሐፍ አላጡም፤ ጌታ ራሱ የሙታንን ቀብር ለሙታን እንዲተዉት አዞ የለም ወይ ብለው ተናግረዋል። ስለዚህም ነው ኮሚቴው ጥቂት ቃል እንድንናገር ያዘዘን።

እኛ የቅኔ ቤት ሰዎች አይደለንም። ትምህርታችን የአንደኛ ደረጃ ነው፤ ዕድሜያችንን የጨረስነውም ደብዳቤ በመመዝገብና ፋይል በማውጣት ነው። ሆኖም መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ልማድ አለው። አንድ ደብዳቤ ሲመጣለት ብቻውን አያነበውም፤ ፋይሉን አስወጥቶ ከዚያ በፊት ምን እንደ ተጻፈ ያገላብጣል። መጽሐፍ ቅዱስንም እንደዚሁ ማገላበጥ ይገባል ብለን እናምናለን።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ያለውን ቃል እንውሰድ። አንዱ ደቀ መዝሙር አስቀድሞ አባቱን ለመቅበር ፈቃድ ቢጠይቅ ጌታ ተከተለኝ አለው፤ ቀብሩንም ለሙታን እንዲተው ነገረው። የአገራችን የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ሁለትም ሦስትም ፍቺ መስጠት ልማዳቸው እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በዚህ ቃል ላይ ዮሐንስ አፈወርቅ የሰጠው ትርጓሜ አለ፤ ጌታ ወላጅን ማቃለልን አላዘዘም፤ ከመንግሥተ ሰማያት የሚቀድም ጉዳይ እንደሌለ ሊያስተምር ነው እንጂ። ደግሞም ለዚያ ሟች ሌላ ቀባሪ ነበረው ይላል። ልብ በሉ፤ ቀባሪ ነበረው። ባይኖረውስ?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁት አይሁድ ናቸው። የኦሪትን መጽሐፍ እነርሱም እንደ እኛ መምህራን አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ይፈቱታል። ሮጀር ካውሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በአገራችን ኖሮ የአንድምታን ትርጓሜ አጥንቷል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በታተመው መጽሐፉም የእኛን መምህራን አፈታት ከአይሁድና ከጥንት ክርስቲያን ሊቃውንት ጋር አስተያይቷል።

እስራኤል ማለት ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጁን ዮሴፍን ጠርቶ በግብፅ እንዳይቀብረው አስማለው። የሚለምነውንም ነገር ምሕረትና እውነት ብሎ ይጠራዋል፤ ዘፍጥረት 47 ነው። ምሕረት ካለ ዘንድ እውነት ብሎ መጨመር ለምን አስፈለገ? በፈረንሳይ አገር በትሯ ከተማ የነበረውና በ1105 ያረፈው ረሺ የሚባል አይሁዳዊ መምህር ሲፈታው፣ ለሞተ ሰው የሚደረግ ምሕረት እውነተኛ ነው፤ አድራጊው ብድራት አይጠብቅምና ይላል። በእኛ አገር «ብድር በምድር» ይባላል። እድርም በእውነቱ የቆመው በዚህ ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ይህ ነውር አይደለም፤ ይህ ባይኖር ኖሮ ድንኳኑም ወንበሩም አይገዛም ነበር። ነገር ግን ረሺ የሚለው ከዚህ ያለፈ ነው፤ መልሶ ሊቀብረን የማይችለውን ስንቀብር ነው ምሕረቱ እውነት የሚሆነው።

አይሁድ ቀባሪ ለሌለው ሟች ልዩ ስም አላቸው፤ «ሜት ሚጽቫ» ይሉታል፤ መቀበሩ በአግኚው ላይ ትእዛዝ የሆነበት ሟች ማለት ነው። በኦሪት ሕግ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነው። የአገራችን ቤተ እስራኤልም ኦሪትን እንደ እኛው በግዕዝ እያነበቡ ይህን ሕግ አጥብቀው ጠብቀው ኖረዋል። (ተዝካርም ያወጡ ነበር፤ በዚህስ ጎረቤታሞች ነበርን።) ሊቀ ካህናቱ ደግሞ ለገዛ አባቱና እናቱ እንኳ ሬሳ እንዳይነካ ተከልክሏል። ታዲያ በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ በተሰበሰበው ሚሽና በሚባለው መጽሐፍ አንድ ክርክር ተጽፏል። ሊቀ ካህናትና ናዝራዊ አብረው በመንገድ ሲሄዱ ቀባሪ የሌለው ሬሳ ቢያገኙ ማናቸው ይርከስ? ራቢ ኤሊዔዘር ሊቀ ካህናቱ ይቅበር አለ፤ ሌሎቹ ሊቃውንት ናዝራዊው ይቅበር አሉ። ብዙ ምክንያት ተነጋግረዋል። ጥለውት ይለፉ ያለ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።

አሁን የምንነግራችሁ ታሪክ ግን ከሁሉ ይበልጥ የእድር ሰውን የሚነካ ነው፤ በታልሙድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሐምኑና የሚባል የባቢሎን መምህር ወደ አንድ ከተማ ሲገባ የሟች መለከት ሲነፋ ሰማ። ጥሩምባ በሉት! ሰዎቹን ቢያይ ግን ሥራቸውን አልተዉም። ተቆጣና፣ በከተማው ሟች እያለ እንዴት ይሠራል፣ እነዚህ ሊወገዙ ይገባል አለ። እነርሱም በከተማችን ማኅበሮች አሉ ብለው አስረዱት፤ ማለትም እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ሟች ይቀብራል። እንግዲያስ ተፈቅዶላችኋል አለ። ይህ ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው፤ እኛ ግን በመሠረቱ ሌላ አላየንበትም፤ ይህ እድር ነው።

እንግዲህ ፍቺውን እንመልከት። መጀመሪያ ያለው ሕግ ምንድነው? ሟች ካለ ከተማው በሙሉ ሥራ ያቆማል። ማኅበሩ የመጣው ግዴታውን ሊያጠፋ አይደለም፤ ሊያከፋፍለው ነው። ፈቃዱም የተሰጠው እያንዳንዱ ሟች ማኅበር አለው ተብሎ ነው። ማኅበር የሌለው ሲሞትስ? ያን ጊዜ ፈቃዱ ይነሣል፤ የፊተኛው ሕግ ይመለሳል፤ ሟቹም የሁላችን ይሆናል። ይህን የምንለው እኛ ነን፤ ስህተት ካለበት ሊቃውንቱ ያርሙን። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ይህን ነገር በሚገባ ያውቁታል፤ ጀናዛ ፈርድ ኪፋያ ነው ይላሉ፤ ጥቂቶች ከሠሩት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቃል።

ጦቢትንም መጥቀስ ይቻል ነበር፤ በነነዌ ምርኮኛ ሳለ ምሳውን ትቶ የወደቀውን ሬሳ አንሥቶ ቀብሯል፤ ጎረቤቶቹም ስቀውበታል። ነገር ግን መጽሐፉ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ሲቆጠር አይሁድና ፕሮቴስታንቶች ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጥሩትም፤ በመካከላችንም እነርሱ ስላሉ በእርሱ ብቻ አንከራከርም። የማቴዎስ 27ቱን ግን ሁላችን እንቀበላለን፤ በ30ው ብር የተገዛው መሬት የእንግዶች መቃብር ሆነ።

ስለ ወጪው የሚሰጉት ወንድሞቻችን አልተሳሳቱም። ታልሙድ እንደሚለው በጥንት ጊዜ የቀብር ወጪ ከሞቱ ይልቅ ለዘመድ የከበደ ነበር፤ ሬሳውን ጥለው እስከ መሸሽ ደርሰው ነበር። ጳውሎስን ካስተማረው ከገማልያል ቤት የሆነው ረባን ገማልያል በተራ በፍታ እንዲቀብሩት አደረገ፤ ሕዝቡም ከዚያ በኋላ እርሱን ተከተለ። ስለዚህ ንፍሮና ድንኳን የሌለበት ቀብር ውርደት ነው የሚለውን እኛ አንቀበልም።

ሰፈራችንንም እንወቅ። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የባቡር አገር ሆኖ ነው ያደገው። ከየጠቅላይ ግዛቱ እንጀራ ፍለጋ ብቻውን መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ብቻውን ያረጀ ሰው በየግቢው አለ። «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ የማይጸልይ ማን ነው? ያ ሰው ግን የሚጸልየው ከእኛ ይልቅ በፍርሃት ነው።

ስለሆነም የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሟች እድሩ ሳጥን፣ መግነዝና የመቃብር ቁፋሮ ወጪውን ይቻል፤ ድንኳንና ለቅሶ ቤት አይጠየቅ። ገንዘቡ ከመቅጫ ገቢ ተለይቶ ይቀመጥ። ሟቹ በየትኛው ሃይማኖት እንደ ነበረ ተጠይቆ በዚያው ሥርዓት ይቀበር፤ ካልታወቀም ኮሚቴው ይወስን። ከየመንደሩ ዐሥር ዐሥር ሰው በተራ ይውጣ። ጥሩምባው ግን እንደ አባል ሦስት ጊዜ ይነፋለት።

አንቀጹን ጸሐፊያችን አሁን ያነቡላችኋል።